አልፎ አልፎ ከደወል በኋላ ትገባለች

ጋሽ ይማም መሞታቸውን የነገረችኝ ሐያት ናት። ሐሙስ ዕለት፣ የከሰዓቱ ፈረቃ ሊጀመር ሲል፣ የትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። የሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርም ለብሳለች፤ ቁመቷም ከእኔ በልጧል። ስድስተኛ ክፍል ሳለች ያስተማርኳት ልጅ ናት። ያስተማርኳት ስል ምላሴ ይያዛል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

"ቲቸር፣ ጋሽ ይማም አረፉ" አለችኝ። "ትናንት ነው የተቀበሩት።"

"ምነው? ምን ሆነው?"

"ወባ ነው አሉ። ሦስት ቀን ነው የተኙት።"

ሸዋ ሮቢት ላይ ወባ ይዞት የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። እኔ ራሴ ስንቴ ተንቀጥቅጬ ተነስቻለሁ። እና መጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ ልንገራችሁ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ። "የያዛቸው እዚህ ከተማ እያሉ ነው ወይስ እዚያ የሚያስተምሩበት ቀወት ገጠር?" ብዬ ነው ያሰብኩት። ገጠር ከሆነ የላክኋቸው እኔ ነኛ! ሰውየው አፈር ለብሰው እኔ የራሴን ድርሻ እለካለሁ።

"ለቅሶ አብረን እንሂድ?" አለች ሐያት።

"አሁን ክፍል አለኝ። ቅዳሜ እንሄዳለን" አልኳት። ክፍል ነበረኝ፣ እውነት ነው። ባይኖረኝም ግን ሌላ ነገር አላጣም ነበር። እሳቸው ዘንድ ላለመሄድ ሦስት ዓመት ሙሉ ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

ጋሽ ይማምና እኔ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪዎች ነበርን። ስድስት ሀ የእኔ፣ ስድስት ለ የእሳቸው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ አንድ ነው፤ ሲያስነጥሱ ይሰማኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ነጭ ጋውናቸው ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል። አንገታቸው ላይ እንደ ስፖርት መምህር ፊሽካ ያንጠለጥላሉ። ልጅ ሲሳሳት "ስህተት" ብለው አያውቁም። ፊሽካቸውን ጢር ያደርጉና እጃቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ አንስተው "ኦፍሳይድ! ቸኩለሃል፣ ተመለስ" ይላሉ። ልጁም እየሳቀ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና ያስባል። በእኔ ክፍል የተሳሳተ ልጅ ምን ያደርግ እንደነበር ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያለቅስ ነበር።

የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፣ የነጋዴ ልጅ። "ገበያ ውስጥ ያደገ ልጅ ሒሳብ ተማርኩ አይልም፣ ተጫወትኩ ነው የሚለው" ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ከዚያ ብርድ ወደዚህ እሳት ተመድቤ ከወረድኩ ጀምሮ ሙቀቱን ስራገም ነው የኖርኩት። እሳቸው ግን እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ እኛ መምህራን ማረፊያ ውስጥ በደብተር ስናራግብ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ነፋሻ ነው" ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሙቀቱ ጭንቅላታቸውን የነካቸው መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ይማም በቪዲዮ ጌም የማስተማራቸው ነገር የጀመረው ከእኔ ክፍል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ነጌቲቭ ቁጥር ማስተማር ላይ ደርሻለሁ። መጽሐፉ "ከዜሮ በታች የሆነ ቅዝቃዜ" እያለ ነው የሚያስረዳው። እንግዲህ በሸዋ ሮቢት፣ ላብ በአገጫችን እየተንጠባጠበ፣ ከዜሮ በታች ቅዝቃዜ! እኔም መጽሐፉ ያለውን አልኩ። "ልጆች፣ በጣም በጣም የሚበርድ ቦታ አስቡ" አልኩ።

"ደብረ ሲና?" አለ አንዱ።

"ከደብረ ሲናም በታች" አልኩት።

"ቲቸር፣ ከደብረ ሲና በታችማ እኛ ነን። እዚህ ደግሞ ይሞቃል።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ተናድጄ ልጁን አስወጣሁት። ማረፊያ ክፍል ገብቼ "እነዚህ ልጆች ደደብ ናቸው" ብዬ ስናገር ጋሽ ይማም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ወላሂ አልማዝ፣ ልጁ እኮ ትክክል ነው! አይቶት የማያውቀውን ብርድ እንዴት አድርጎ ይቀንሰው?" አሉኝ።

በዚያው ሰሞን የጠፉ ተማሪዎችን ፍለጋ ጌም ቤት ገቡ። ያኔ ጌም ቤት የከተማው ወላጅ ሁሉ ራስ ምታት ነበር። ልጅ ደብተሩን ይዞ ይወጣና ቀኑን እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ሲጫወት ይውላል፤ እናት አርጩሜ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ጋሽ ይማምም ሊያስወጡ ነው የገቡት። በር ላይ እንደቆሙ ግን ልጆቹ ማን ያልፋል ማን ይወድቃል ብለው ሲጨቃጨቁ ሰሙ። "እኔ አምስት አግብቼ ስምንት ገብቶብኛል፣ አንተ ሁለት አግብተህ ስድስት ገብቶብሃል፤ ስለዚህ እኔ እበልጥሃለሁ" ይላል አንዱ። ያ ልጅ ክፍል ውስጥ ከስምንት አምስት መቀነስ የሚያልበው ልጅ ነው።

"አልማዝ፣ ልጅ የሸሸውን ነገር ይዘሽ አታሳድጂው" አሉኝ በማግስቱ። "የሚሮጥበት መንገድ ላይ ቆመሽ ጠብቂው።"

"መንገድ ላይ ቆመው ሊያጫውቱት ነው?" አልኳቸው፣ ምላሴ መቼ ያርፋል።

"ኢንሻአላህ" አሉኝ።

ወሬ መስሎኝ ነበር። ቀበሌው ጌም ቤቶቹን ሲዘጋ ባለቤቱ ከተማ ሊለቅ ሆነና አሮጌ ዕቃውን ለጋሽ ይማም ተወላቸው፤ አንድ ወፍራም ቴሌቪዥን፣ አንድ የጌም ማጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንደኛው በፕላስተር የተጠቀለለ። ቴሌቪዥኑን ክፍሉ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ማጫወቻውን ግን በባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አድርገው በትከሻቸው ያመላልሱት ነበር። መንገድ ላይ ሰው "ጋሽ ይማም፣ ምን ሸምተው ነው?" ሲላቸው "ነጌቲቭ ቁጥር" ይላሉ።

አንድ ቀን ከግድግዳው ወዲያ ጩኸቱ ሲበዛብኝ ልገስጽ ሄድኩ። ልጆቹ በየቡድናቸው ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ "ያገባ፣ የገባበት፣ ልዩነት" የሚል ሠንጠረዥ ተሰምሯል። ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፣ ሌላው በሙሉ እርሳስ ይዞ ይመዘግባል። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ፊሽካው ጢር አለ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሒሳብ ብቻ ነበር። እንደዚያ ፀጥ ብሎ የሚሠራ ክፍል አይቼ አላውቅም። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ የለስላሳ ኮርኪ ዴስክ ላይ ደርድረው፣ ባቄላ ኳስ አድርገው ይጫወታሉ። መብራት ጠፋ ብለው ሲያማርሩ አልሰማሁም።

ሰሌዳው ጋ የቆመችው ሐያት ነበረች። አሁን ስለ እሷ ልናገር። ሐያት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስድስት ሀ፣ የእኔ ተማሪ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ ቃል አልተናገረችም። "አንቺ ልጅ፣ ቁጥርና አንቺ ተጣልታችኋል" ብያት ነበር፣ በሁሉም ፊት። ወደቀች። ደግማ ስትመዘገብ ስድስት ለ ደረሳት።

"ሐያት፣ ቡድንሽ ልዩነቱ ነጌቲቭ ሦስት ነው። ሌላ አራት ገባበት" አሉ ጋሽ ይማም።

"ነጌቲቭ ሰባት። ሦስቱ አንሶን አራት ጨመሩብን፣ ማን ያነሳልናል?" አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

"እሺ፣ ነጌቲቭ ሰባት ላይ እያለሽ፣ ዳኛው ከገቡብሽ ጎሎች ሁለቱን ቢሽርልሽስ?"

"ነጌቲቭ አምስት። ክፉ ነገር ሲቀነስልኝ ወደ ላይ እወጣለኋ!"

በሩ ላይ እንደቆምኩ ደረቅኩ። ነጌቲቭ ሲቀነስ ለምን እንደሚደመር አሥር ዓመት አስተምሬ ለአንድ ልጅ እንኳ አስረድቼ አላውቅም። "ሕጉ ነው፣ ሸምድዱ" ነበር የምለው። እውነቱን ልናገር? እኔም ራሴ የገባኝ ያን ቀን ነው። ጋሽ ይማም አዩኝና "ግቢ እንጂ አልማዝ፣ ተቀያሪ ጎድሎናል" አሉኝ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ "ድምፅ ቀንሱ፣ እያስተማርኩ ነው" ብዬ በሩን ዘጋሁት። ምን ነበር ብገባ? ምን እጎዳ ነበር? ውስጤ ግን እንደ በርበሬ እየቆጠቆጠኝ ነበር። ቅናት ነው፣ ስሙን ልጥራው። እኔ ጥዬ ያለፍኳትን ልጅ እሳቸው በኳስ ጨዋታ አንስተው አቆሟት።

አሁን ስለ ግምገማ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ትምህርት ቤት በየመንፈቁ መምህራን በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ተነስቶ የራሱን ድክመት ይናገራል። ከዚያ ሌላው ሰው ሂስ ይሰጠዋል። "ድክመት የለብኝም" ማለት አይቻልም፤ "ሂስ የለኝም" ማለትም አይቻልም። ጸሐፊው ሁሉንም ቃለ ጉባኤ ላይ ያሰፍራል፣ እያንዳንዱም በስሙ ሥር ይፈርማል፣ ወረቀቱም ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ብልሃት አበጀ። ሁሉም የሂስ ጓደኛ ይይዛል። በዋዜማው ተገናኝተው ቀለል ያለ፣ ማንንም የማይጎዳ ድክመት ይመራረጣሉ። የእኔ የሂስ ጓደኛ ጋሽ ይማም ነበሩ፣ ለዓመታት።

የዚያን ዓመት የጥር ግምገማ ዋዜማም ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን እንደ ልማዳችን ተነጋገርን።

"ዘንድሮስ ምን ልበልሽ?" አሉኝ።

"አልፎ አልፎ ከደወል በኋላ ትገባለች ይበሉኝ። እርስዎንስ?"

"ዕቅድ አዘግይቶ ያስገባል በይኝ። እውነትም ስለሆነ አትዋሺም" ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የጌሙን ነገር አደራ። ጌም ቤት ከተዘጋ ወዲህ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ስሙን መስማት አይፈልግም። እስከ ሰኔ ብቻ ልግፋው፣ ውጤቱን ይዤ ራሴ ሄጄ አስረዳለሁ" አሉኝ።

"ኧረ ጋሽ ይማም! በእኔ ይሁንብዎ" አልኳቸው። በዚህ አፌ።

በማግስቱ ከርዕሰ መምህሩ ጎን ከጽሕፈት ቤቱ የተላከው ሱፐርቫይዘር ተቀምጧል፤ የመንፈቁን ውጤት ይዟል። የብዙ ሰው ተራ በደህና ካለፈ በኋላ የእኔ ደረሰ። ገና ከወንበሬ ሳልነሳ ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ገልጦ፣ "መምህርት አልማዝ፣ ስድስት ሀ ከስድስት ለ ይህን ያህል የተበለጠው ለምንድን ነው? መጽሐፉ አንድ፣ ፈተናው አንድ" አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እኔ ጌም ስለማላጫውት ይሆናላ!" አልኩ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኔ ጠብታ ሳልቀምስ አወጣሁት።

"የምን ጌም?" አለ ሱፐርቫይዘሩ።

ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለ፤ እሱም ያውቅ ነበር፣ አይቶ እንዳላየ ነበር ያለፈው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ ጉድ። የመጀመሪያዋ ቃል አመለጠችኝ ልበል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል። ያኔ "ቀልዴን ነው" ብል ያልፍ ነበር። ጋሽ ይማምም ያንን ነበር የሚጠብቁት፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ብጤ ይዘው እያዩኝ። እኔ ግን ቀጠልኩ። "በማዳበሪያ አድርገው ያመጡታል፤ ቴሌቪዥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ስድስት ለ ገብታችሁ እዩት" አልኩ። ሁለተኛዋ አላመለጠችኝም። አውቄ ነው ያወጣኋት።

ሱፐርቫይዘሩ ጻፈ። ጸሐፊው ጻፈ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "ለመምህርት አልማዝ ሂስ ያለው?" አለ።

ጋሽ ይማም ተነሱ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለ እኔ የሚያውቁት ብዙ ነበር፤ ልጆች ማስለቀሴን በግድግዳው በኩል ዓመት ከዓመት ሰምተዋል። ጋውናቸውን አስተካከሉ፣ ቁልፍ የሌለበትን ቦታ በእጃቸው ያዙት።

"መምህርት አልማዝ ጎበዝ አስተማሪ ናት" አሉ። "አልፎ አልፎ ከደወል በኋላ ትገባለች። ይህን ብታስተካክል መልካም ነው።"

ተቀመጡ። ቃላቸውን እስከ ነጥቡ ጠበቁ። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ግን ዕቅድ ስለማዘግየታቸው እኔም ሌላውም አልተናገረም።

ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ ግምጃ ቤት ገባ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጋሽ ይማም ወደ ቀወት ገጠር ተዛወሩ፤ ባጃጁ ከሚያቆምበት ሌላ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። ቤታቸው ከተማ ስለሆነ ሰኞ ሄደው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ስድስት ለ ለእኔ ተደረበ። የተማሪዎቹን መዝገብ ሊያስረክቡኝ ሲመጡ ስድባቸውን ተዘጋጅቼ ነበር የምጠብቀው። ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ፣ እመኑኝ፣ ሌሊቱን ሳሰናዳው ነው ያደርኩት። እሳቸው ግን መዝገቡን ገልጠው ስለ ልጆቹ ብቻ ነገሩኝ፤ ይሄ ዓይኑ ስለሚደክም ፊት አስቀምጪው፣ ይሄ ጧት በልቶ አይመጣም። ሐያት ስም ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙ።

"እሷን ወንበር ላይ እያለች አትጠይቂያት። ሰሌዳ ጋ አውጫት። ቆማ ነው የምታስበው" አሉኝ።

"ጋሽ ይማም፣ እኔ..." አልኩ።

"ደወል ተደወለ፣ ሂጂ" አሉኝ።

ሐያትን ሰሌዳ ጋ አላወጣኋትም። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ በጎል እንሥራው?" ሲለኝ ጠረጴዛውን በዱስተር መትቼ "እዚህ ኳስ የለም!" አልኩ። ሐያት ተነስታ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ዓመቱን ማለፉን አለፈች፣ ጋሽ ይማም ያስያዟት በቅቷት። ጥርሷን ግን ደግሜ አላየሁትም።

ጋሽ ይማምን ከዚያ በኋላ ያገኘኋቸው አንዴ ብቻ ነው። ሰኞ ጧት ባጃጅ ተራ ቆመው ነበር፤ ያው ማዳበሪያ ትከሻቸው ላይ አለ፣ ሲንቀሳቀሱ ኮርኪ ይንኳኳበታል። ልሸሽ ስል አዩኝ።

"አልማዝ! በሰዓቱ ትገቢያለሽ አሁን?" አሉኝ እየሳቁ።

እኔም ሳቅሁ፣ ከፍርሃቴ። ቀልድ ይሁን ወቀሳ እስካሁን አላወቅሁም። ስንቴ አገላብጬ አስቤዋለሁ። ያኔ ይቅርታ ለማለት አንድ ባጃጅ እስኪሞላ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ስለ ዝናብ አወራኋቸው።

አምና ደግሞ ምን እንዳደረግኩ ስሙ። ነጌቲቭ ቁጥር ላይ ስደርስ በሩን ዘጋሁና ሰሌዳው ላይ "ያገባ፣ የገባበት፣ ልዩነት" ብዬ አሰመርኩ። ልጆቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ ገባቸው። አንዷ "ቲቸር፣ ይህን እርስዎ ነዎት የፈጠሩት?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታም እሺ ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቃል። ሰውየውን ለዚህ ከሰስኳቸው፤ ኋላም ያንኑ ነገር ሰርቄ አስተማርኩበት።

ቅዳሜ ከሐያት ጋር ለቅሶ ሄድን። እትዬ ዘሃራ፣ ባለቤታቸው፣ ከሴቶቹ መካከል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። "አላህ ሶብሩን ይስጥዎ" ብዬ ዝቅ ስል እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

"አልማዝዬ፣ መጣሽልኝ! እሱ እኮ አንቺን አንስቶ አይጠግብም ነበር" አሉ፣ ዙሪያውን ላሉት ሴቶች እንዲሰማ። "ያን ሰሞን ከትምህርት ቤቱ ሲያባርሩት 'ማን ነው የተናገረብህ?' ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅሁት። አልነገረኝም። 'አልማዝ ግን የተባባልነውን ነው ያለችው፣ ዕቅድ ያዘገያል ብላ አለፈችኝ' አለኝ። አንድ ሰው እንኳ አልከዳውም ብዬ ተጽናናሁ።"

ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ።

"የተናገረበት ርዕሰ መምህሩ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል" ቀጠሉ እትዬ ዘሃራ። "ትናንት ለለቅሶ መጥቶ ነበር። እጁን ሲዘረጋልኝ አልጨበጥኩትም። በሰው ፊት እጁን እንደዘረጋ ትቼው ገባሁ። አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል? እሱ ነው አይደል?"

እጄ አሁንም በእጃቸው ውስጥ ነው። አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ያውቃል ልናገር ነበር የከፈትኩት።

"ቆይቷል፤ አላስታውስም እትዬ ዘሃራ" አልኩ።

ተምር አቀረቡልኝ። በላሁ።

ስንመለስ ሐያት አስፋልቱ እስክንደርስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ባጃጅ ስጠራ ብቻ፣ "ቲቸር፣ እኛ ስድስት ለዎች ያኔውኑ ሰምተን ነበር። ጋሽ ይማም ግን 'ማንም ሰው አንዴ ኦፍሳይድ ይገባል፣ ተዉ' ብለውን ነው" አለችኝ። በእግሯ ሄደች።

ባለፈው ሳምንት የጥር ግምገማ ነበር። አንድ አዲስ መምህር በዋዜማው ጠጋ ብሎ "መምህርት፣ የሂስ ጓደኛ አለዎት?" አለኝ። "ነበረኝ" አልኩት። ሌሊቱን ወስኜ አደርኩ። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁና የራሴን ድክመት ተናገርኩ፣ እውነተኛውን። "ጋሽ ይማምን ያስባረርኳቸው እኔ ነኝ። አደራ ብለውኝ ነበር። የተናገርኩት ለተማሪ አስቤ አይደለም፣ ስለበለጡኝ ነው። የእሳቸውን ዘዴ አምና ሰርቄ አስተምሬበታለሁ። ይህ ይጻፍልኝ" አልኩ። አንድ ትልቅ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

ማንም አልደነገጠም። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። ሁላችንም እዚያ የነበርነው ነን፤ ሱፐርቫይዘሩ ተቀይሮ አዲሱ መምህር ከመጨመሩ በቀር።

"መምህርት አልማዝ፣ እዚህ ያለን ሰዎች ይህን እናውቃለን" አለ ቀስ ብሎ። "ከአዲሱ መምህር በቀር የማያውቅ የለም። ይህን ያላወቀችው ሴትዮ ያለችው ሌላ ቦታ ነው። እጄን አልጨብጥም ያለችኝ።"

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። "ምን ብዬ ልጻፍ? ይሄ የዘንድሮ ሥራ አይደለም፣ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም" አለ። ርዕሰ መምህሩ "እንደፈለግህ" ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

መጨረሻ ላይ ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲዞር ደረሰኝ። ጸሐፊው የሚጽፈው ቢያጣ ከቀድሞው መዝገብ ላይ ገልብጦታል። በስሜ ትይዩ እንዲህ ይላል፤ "መምህርት አልማዝ ጎበዝ አስተማሪ ናት። አልፎ አልፎ ከደወል በኋላ ትገባለች። ይህን ብታስተካክል መልካም ነው።"

የእትዬ ዘሃራ ቤት ከትምህርት ቤቱ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። አዲሱ መምህር ብዕሩን አቀበለኝ። ፈረምኩ።